ጦርነት በኮንትራት፤ በአንድ የምርመራ ሪፖርት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ጦርነት ወጪ በሚነገርበት ጊዜ በአብዛኛዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው የመድፍና የአውሮፕላን ዋጋ፣ የወታደርም ደመወዝ ነው። ለወታደሩ ምግቡን ያበሰለለት፣ ልብሱን ያጠበለት፣ ነዳጁን ያመላለሰለት፣ የሰፈሩንም በር የጠበቀለት ማን እንደ ሆነና ለዚህ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ ምን ያህል እንደ ተከፈለ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከ2001 ጀምሮ በአፍጋኒስታን፣ ከ2003 ጀምሮም በኢራቅ ባካሄዷቸው ጦርነቶች ግን ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ ከመንግሥት ሒሳብ ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ ሊሆን በቅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በነዚህ ሁለት ጦርነቶች ከወታደሩ ጎን ሌላ ሠራዊት ተሰልፎ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይኸውም በኩባንያዎች የተቀጠረው ነው። በ2010 በሁለቱ አገሮች ለአሜሪካ መንግሥት በኮንትራት የሚሠራው ሰው ከ260,000 በላይ ደርሶ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ከወታደሩ ቍጥር በልጦ ታይቷል። ከነዚህ ውስጥ መሣሪያ የያዘው ጥቂቱ ሲሆን የሚበዛው ወጥ ቤት፣ ሾፌር፣ አናጢ፣ አስተርጓሚ፣ መካኒክና ልብስ አጣቢ ነበር። በትውልድም ቢሆን አብዛኛው አሜሪካዊ አልነበረም፤ የአገሩ ተወላጅ ወይም ከኔፓል፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች እንጀራውን ፍለጋ የመጣ ነው።

የዚህን ሁለተኛ ሠራዊት ሒሳብ የሚመረምር ኮሚሲዮን በ2008 በኮንግረስ ሕግ ተቋቋመ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሴናተር ጂም ዌብና ሴናተር ክሌር ማካስኪል ሲሆኑ፣ ምሳሌ ያደረጉትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሴናተር ሃሪ ትሩማን የመሩትን የመከላከያ ወጪ መርማሪ ኮሚቴ ነው። ኮሚሲዮኑ በሚስተር ክሪስቶፈር ሼይስና በሚስተር ማይክል ቲቦልት ጥምር ሊቀ መንበርነት ሲሠራ ቈይቶ የመጨረሻ ሪፖርቱን በኦገስት 2011 አወጣ። የዚህ ሂስ መነሻ ይህ ሪፖርት ነው።

ዓላማዬ ሪፖርቱን ለማቃለል አይደለም። አንድ መንግሥት ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የራሱን ገንዘብ አጠፋፍ በራሱ ሰዎች አስመርምሮ ውጤቱን ማሳተሙ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ የባከነውን ገንዘብ በድፍረት ለመገመት ሲሞክር፣ ለብክነቱ በር የከፈተውን የፖለቲካ ምርጫ እንደ አስተዳደር ጉድለት ብቻ አድርጎ አልፎታል። እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝብ በዚህ አሠራር ያጣው ትልቁ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ገንዘቡና ስለ ጦርነቱ የመጠየቅ ሥልጣኑ ነው። ይህንንም ከራሱ ከሪፖርቱና በዙሪያው ከቀረቡት ሌሎች ምርመራዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

1. የቍጥሩ ነገር

ኮሚሲዮኑ እስከ 2011 የበጀት ዓመት መጨረሻ ድረስ በሁለቱ ጦርነቶች ለኮንትራትና ለእርዳታ የሚወጣውን ገንዘብ 206 ቢሊዮን ዶላር ያህል አድርጎ ገምቶ፣ ከዚህ ውስጥ ከ31 እስከ 60 ቢሊዮን የሚሆነው በብክነትና በማጭበርበር ጠፍቷል ብሏል። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ብክነቱን ከመቶ ከ10 እስከ 20፣ ማጭበርበሩን ከመቶ ከ5 እስከ 9 አድርጎ ሁለቱን በመደመር ከጠቅላላው ወጪ ጋር ማባዛት ነው።

ጋዜጦች በዚያን ጊዜ አጉልተው የጻፉት 60 ቢሊዮን የሚለውን ከፍተኛውን ቍጥር ነበር። ለተመራማሪ ግን ከቍጥሩ ይልቅ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ርቀት የበለጠ ይናገራል። አንድ ነጋዴ «ዘንድሮ ከ31 ብር እስከ 60 ብር ከስሬአለሁ» ቢለን ስለ ኪሣራው ከመጠየቃችን በፊት መዝገብ ይይዝ እንደ ሆነ እንጠይቀዋለን። ግምቱ ከየደረሰኙ ተለቅሞ የተደመረ ድምር ሳይሆን በመቶኛ የተሰላ መሆኑ ራሱ ዋናውን ነገር ይመሰክራል፤ ይኸውም ከተጠቃለለ መዝገብ ድምሩን ማግኘት አለመቻሉን ነው። ሪፖርቱ ይህን እንደ ግምት ዘዴ ብቻ አቀረበው እንጂ እንደ ግኝት አላቀረበውም፤ የመጀመሪያው ቅሬታዬም ይህ ነው።

በተናጠል የሚጠቀሱት ምሳሌዎች ግን ግልጽ ናቸው። በካቡል አጠገብ በታራኪል ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተከለ፤ ማመንጫው የሚሠራበት ናፍጣ ውድ ስለ ሆነና መብራቱን ከጎረቤት አገር መግዛት ስለሚረክስ የአፍጋኒስታን መንግሥት በሙሉ ሊያሠራው አልቻለም። በኢራቅም በካን በኒ ሰዓድ 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈሰሰበት ወኅኒ ቤት ሳይፈጸምና አንድ እስረኛ ሳይገባበት ቀርቷል። በማመንጫው ላይ የደረሰው ጉዳት ከስርቆት ይለያል፤ ሕንጻው ተሠርቷል፣ ደረሰኙም ተሟልቷል፣ ጥቅሙ ግን የለም። ኮሚሲዮኑ ይህን ዐይነቱን ነገር ከብክነት መቍጠሩ ከሪፖርቱ ብልህ ክፍሎች አንዱ ነው።

2. የርካሽና የውድ ክርክር

በዚህ ጕዳይ ሲከራከሩ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው ኩባንያ ከመንግሥት ይልቅ ርካሽ ነው ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ውድ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን አዘውትሮ የሚጠቅሰው የተወካዮች ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ በኦክቶበር 2007 ያወጣውን ማስታወሻ ነው። በዚህ መሠረት ብላክዋተር የተባለው ኩባንያ ለአንድ ታጣቂ ጠባቂ በቀን 1,222 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ይህም በዓመት ከ440,000 ዶላር በላይ ይሆናል። የአንድ ሃምሳ አለቃ ደመወዝና አበል ግን በዓመት ከ51,000 እስከ 69,000 ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ ንጽጽር ለንግግር ያመቻል፤ ለሒሳብ ግን አይበቃም። በ1,222ቱ ዶላር ውስጥ የጠባቂው ምግብ፣ ማደሪያ፣ መሣሪያ፣ መጓጓዣና የኩባንያው ትርፍ ሲገኙ፣ በሃምሳ አለቃው ደመወዝ ውስጥ ግን ሥልጠናው፣ ጡረታውና ከዘመቻ ሲመለስ በእርሱ ቦታ የሚተካው ወታደር ወጪ አልተቈጠረም። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በኦገስት 2008 ባወጣው ጥናት ይህን ሁሉ አንድ ላይ አስልቶ፣ በጦርነት ጊዜ የግል ጠባቂና ተመጣጣኝ የጦር ክፍል የሚያስወጡት ገንዘብ እምብዛም እንደማይለያይ ደምድሟል። የኩባንያው ጥቅም የሚታየው ሰላም ሲመጣ ነው፤ ወታደሩ በሰላሙም ጊዜ ሲቀለብ የኩባንያው ውል ግን ማደስ ሳያስፈልግ ይቀራል።

ድምዳሜው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ የተሸሸገ «ከሆነ» አለበት፤ ይኸውም ሰላሙ ቶሎ የመጣ እንደ ሆነ ነው። የአፍጋኒስታን ጦርነት እስከ 2021 ድረስ ዘልቋል። «ሲያልቅ እናሰናብተዋለን» ተብሎ የተቀጠረ ሠራተኛ 20 ዓመት ሲቈይ ጊዜያዊ መባሉ ይቀራል፤ ርካሽ ያደረገውም ምክንያት አብሮ ይጠፋል። ከዚህም በቀር ከታጠቁት ጠባቂዎች ብዙዎቹ በመንግሥት ወጪ የሠለጠኑ የቀድሞ ወታደሮች ስለ ነበሩ ግምጃ ቤቱ አንድን ሙያ ሁለት ጊዜ ገዝቷል ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ሲያስተምር፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲከራይ።

3. ተቈጣጣሪው የት ነበር?

ምግብ፣ ነዳጅ፣ ማደሪያና እጥበት የሚቀርብበት ትልቁ ውል በ1985 የተቋቋመው የምድር ጦር የስንቅና አገልግሎት ፕሮግራም ነው። በ1992 የመከላከያ ሚኒስቴር ይህ ሥራ በግል ኩባንያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል እንዲያጠና ለብራውን ኤንድ ሩት 3.9 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ሰፊ ውል ያገኘው ይኸው ኩባንያ ነው። ተተኪው ኬ.ቢ.አር. ደግሞ በዲሴምበር 2001 ሦስተኛውን ውል አገኘ፤ በዚህም ውል እየተፈጸመ የሄደው ሥራ በኋላ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

የዚህ ውል ዋጋ አስቀድሞ የተቈረጠ አይደለም። ኩባንያው ያወጣውን ወጪ መንግሥት ይከፍለዋል፤ በዚያ ላይ ከመቶ አንድ፣ ሥራው ከተመሰገነም ከመቶ እስከ ሁለት የሚደርስ ጭማሪ ያገኛል። ከመቶ ሦስት ጥቂት ይመስላል። ዳሩ ግን ትርፉ ወጪውን እየተከተለ የሚያድግ ከሆነ ቍጠባ ለኩባንያው ምን ይጠቅመዋል? በሌላ በኩል ደግሞ የዚህን ውል ጠበቆች አለመስማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጦሩ ነገ የት እንደሚሰፍር፣ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ማንም በማያውቅበት ጊዜ ቍርጥ ዋጋ የሚሰጥ ተጫራች ወይ አይገኝም፣ ወይም ፍርሃቱን ጨምሮ ሁለት እጥፍ ይጠይቃል። የጨነቀው ርጉዝ ያገባል እንደሚባለው በጦርነት መካከል ያለ መንግሥት ለመከራከር ጊዜ የለውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ውል ስሕተት የሚሆነው በራሱ ሳይሆን ተመልካች ሲያጣ ነው። የወጪውን ልክነት በየዕለቱ የሚመረምር፣ «ይህ ድንኳን ለምን አስፈለገ፣ ይህ መኪና ለምን ቆመ» ብሎ የሚጠይቅ ዕውቀት ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ይህ ሠራተኛ ግን በ1990ዎቹ ዓመታት በቍጠባ ስም እንዲቀነስ ተደርጎ ነበር። በሚስተር ዣክ ጋንስለር የተመራው ሌላ ኮሚሲዮን በ2007 እንዳስታወቀው የምድር ጦር የኮንትራት ሥራ ወደ ሰባት እጥፍ ሲያድግ የሠራተኛው ቍጥር በዚያ መጠን አላደገም። ለጸሓፊና ለሒሳብ መርማሪ ደመወዝ ሚሊዮኖችን ቈጥቦ በቢሊዮን የሚቈጠር ገንዘብ ያለ ጠባቂ መተው ምን ዐይነት ቍጠባ ነው? የ2011ዱ ሪፖርት ይህን ነጥብ አበክሮ ማንሣቱ ዋና ብርታቱ ነው።

4. ኀላፊነት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ

ብክነት ከሚለው ስም በላይ የሆነ ጕዳት መኖሩን የሚያሳየው የአፍጋኒስታን የጭነት ውል ነው። 2.16 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ይህ ውል በስምንት ኩባንያዎች የተያዘ ሲሆን፣ በየጦር ሰፈሩ ለአሜሪካ ወታደሮች ከሚደርሰው ስንቅና ዕቃ ከመቶ 70 የሚበልጠው የሚጓጓዘው በእርሱ ነበር። ውሉ የቅፍለቱን ጥበቃ ኀላፊነት በጫኞቹ ላይ ጣለው። ጦሩም አጃቢ ከማሰለፍ ዳነ። ጫኞቹ ግን መንገዱን ለያዙት የጦር አበጋዞች መክፈል ግድ ሆነባቸው። በሚስተር ጆን ቲየርኒ የሚመራው የተወካዮች ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ በጁን 2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ይህ የጥበቃ ክፍያ ለታሊባን ከፍ ያለ የገቢ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል።

በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይህ ነው። የግብር ከፋዩ ገንዘብ በሦስትና በአራት እጅ ተላልፎ ወታደሩን ለሚወጋው ጠላት ጥይት ሊሆን ይችል ነበር። ሆኖም በየደረጃው ያለው ሰው ሁሉ ውሉን ፈጽሟል፤ ዕቃው ደርሷል፣ ሒሳቡም ተወራርዷል። አንድም ሕግ ሳይጣስ አገር ሊጐዳ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኀላፊነትን በውል ማስተላለፍ ቀላል ነው፤ የኀላፊነቱን ውጤት ግን ማስተላለፍ አይቻልም።

በሰው ሕይወትም የሆነው ይኸው ነው። በኢራቅ የነበረው ጊዜያዊ የጥምር ባለሥልጣን በጁን 2004 አሻሽሎ ባወጣው ትእዛዝ ቍጥር 17 የውጭ ኮንትራክተሮች በውላቸው መሠረት ለፈጸሙት ሥራ በኢራቅ ፍርድ ቤት እንዳይከሰሱ ከለላ ሰጥቷቸው ነበር። በሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 በባግዳድ በኒሱር አደባባይ የብላክዋተር ጠባቂዎች ተኵስ ከፍተው 17 ኢራቃውያን ሲቪሎች ሞቱ። ተጠያቂ የተባሉት አራት ሰዎች በዋሺንግተን ፍርድ ቤት ጥፋተኞች የተባሉት ከሰባት ዓመት በኋላ በ2014 ሲሆን፣ በዲሴምበር 2020 ደግሞ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት ተለቀዋል። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች በአገራቸው ዳኛ ፊት ሊያቆሟቸው አልቻሉም፤ በባዕድ አገር የተገኘውም ፍርድ አልጸናላቸውም።

በኮንትራት ሥራ ላይ የሞቱትም እንደዚሁ ከሒሳብ ውጪ ናቸው። እስከ 2011 አጋማሽ ድረስ ከ2,000 የሚበልጡ የኮንትራት ሠራተኞች በሁለቱ ጦርነቶች ሞተዋል። የሞታቸው ቍጥር ግን የሚገኘው ከጦሩ የመርዶ መዝገብ ሳይሆን በሠራተኛ ጕዳይ ሚኒስቴር ከተመዘገበው የኢንሹራንስ ጥያቄ ነው። የወታደር ሬሳ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ ሲመለስ ሕዝቡ ያያል፣ ያዝናል፣ ይጠይቃል። የኔፓላዊው ሾፌር ሬሳ ወደ መንደሩ ሲመለስ ግን ጦርነቱን የሚከፍለው መራጭ አያየውም፣ ስለዚህም አይጠይቅም።

5. ሪፖርቱ ያልጠየቀው ጥያቄ

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ቅሬታዬ እደርሳለሁ። ሪፖርቱ መንግሥት በኮንትራክተር ላይ ከልክ በላይ መደገፉን አምኗል፤ አንዳንድ የጥበቃ ሥራዎችም ከኩባንያዎች እጅ ቀስ በቀስ እንዲወጡ፣ ማናቸውም ሥራ ለኮንትራት ከመሰጠቱ በፊት አደጋው እንዲመዘን፣ ቋሚ ዋና መርማሪም እንዲሾም በ15 የውሳኔ ሐሳቦቹ ውስጥ ጠይቋል። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ለጥገኝነቱ ምክንያት አድርጎ አጕልቶ የሚያሳየው የመሥሪያ ቤቶችን ሠራተኛ ማነስ ነው። የሠራተኛ ማነስ እንደ ድርቅ ከሰማይ አይመጣም፤ ሰው የወሰነው ነው። የወሰነውስ ምን አገኘበት?

መልሱ በቍጥሮቹ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ምክር ቤትም ጋዜጣም የሚቈጥሩት ወታደር ነው። የወታደሩ ቍጥር ይህን ያህል ብቻ ይሆናል ተብሎ ቃል ሲሰጥ፣ የጐደለውን በኮንትራት መሙላት ይቻላል። በጃንዋሪ 2021 በአፍጋኒስታን የቀረው የአሜሪካ ወታደር 2,500 ሲሆን፣ ለመከላከያ ሚኒስቴር የሚሠራው የኮንትራት ሰው ግን 18,000 ያህል ነበር። «ጦራችን ሊወጣ ነው» በተባለበት ሰዓት ለአንድ ወታደር ሰባት የኮንትራት ሰው ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ ኮንትራቱ ለመንግሥት የሚገዛለት ጕልበትን ብቻ ሳይሆን ዝምታንም ጭምር ነው፤ ጦርነቱ በሕዝብ ፊት ከመጠኑ አንሶ እንዲታይ ያደርጋል። ይህን የአስተዳደር ጉድለት ብሎ መጥራት ነገሩን ማሳነስ ነው።

የጥገኝነቱ መጨረሻም በዚያው ዓመት ታየ። የአፍጋኒስታን አየር ኀይል አውሮፕላኖቹን የሚያስጠግነው በአብዛኛው በውጭ ኮንትራክተሮች ነበር። መካኒኮቹ ሲወጡ አውሮፕላኖቹን ማቆየት አስቸጋሪ ሆነ፤ መንግሥቱም በኦገስት 15 ቀን 2021 ወደቀ። ለመውደቁ ብዙ ምክንያት አለና ሁሉን በዚህ ላይ መጫን አይገባም፤ ቢሆንም በውል የተገዛ ችሎታ ውሉ ሲያልቅ አብሮ የሚሄድ መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የኮሚሲዮኑ የራሱ ወረቀት ዕጣ ነው። ሪፖርቱ ቢታተምም፣ የተመሠረተባቸው ሰነዶች ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከገቡ በኋላ ለ20 ዓመት፣ እስከ 2031 ድረስ፣ እንዳይከፈቱ ተወስኗል። በሰነዶቹ ውስጥ የኩባንያዎችና የመስካሪዎች ምስጢር ሊኖር ይችላል፤ ጊዜያዊ ጥንቃቄ ማስፈለጉን አልክድም። ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ ያለ መዝገብ መጥፋቱን ለማጋለጥ የተቋቋመ አካል የራሱን መዝገብ ለአንድ ትውልድ ዘግቶ ሲሄድ፣ ሊያክመው የመጣው በሽታ እርሱንም እንደ ያዘው ያሳያል።

6. ማጠቃለያ

አንዳንድ ጓደኞቼ እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ «መንግሥት ወታደሩን ድንች ሲያስልጥ ከሚያውል ድንቹን ለኩባንያ ሰጥቶ ወታደሩን ለውጊያ ቢያሰልፍ ምን ክፉ አለበት?» ክፉ የለበትም። ምግብ ማብሰልና ቤት መሥራት ለኮንትራት ሊሰጥ የሚችል ሥራ ነው፤ ኩባንያዎችም ፈጥነው በመድረስ መንግሥት ሊያደርግ ያልቻለውን ያደረጉበት ጊዜ አለ። የእኔ ክርክር በሥራው መሰጠት ላይ ሳይሆን ከሥራው ጋር ሦስት ነገሮች አብረው መሰጠታቸው ላይ ነው፤ እነርሱም ሥራውን የመመዘን ችሎታ፣ ለጥፋቱ የሚጠየቅበት ሕግ፣ የወጪውና የሟቹ ቍጥር ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከመንግሥት እጅ ከወጡ ሕዝቡ ከፋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጕዳዩ የሩቅ አገር ቢመስልም ነገ ከዚህ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ሰነድ የምናዘጋጅና ክፍያ የምናጸድቅ እኛው ነን። ያን ጊዜ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለት ጋር «ሥራው መሠራቱን የሚያይልን የራሳችን ሰው ማን ነው? ቢያጠፋ የት እንከሰዋለን? ሒሳቡንስ ሕዝብ መቼ ያየዋል?» ብለን ብንጠይቅ የሪፖርቱን 15 የውሳኔ ሐሳቦች በቃላችን ከማጥናት የበለጠ ይጠቅመናል። ሐሳቤ የተሳሳተበት ቦታ ቢኖር መምህራኖቻችንም ሆኑ ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።